ቦራ ዛሬ አስደነገጠችን

በመስከረም ቢቸና ስመጣ መጀመሪያ የማያት ጊደራችንን ቦራን ነው። ዛሬ ረፋድ ላይ ሣር ስሰጣት አፏን አዞረች። ማመስኳትም ትታለች። እማዬ "ዓይን በልቷት ነው" አለች። እኔ ግን ግራ ጎኗን አየሁት፤ ተወጥሯል። በጣቴ መታ መታ ሳደርገው እንደ ከበሮ ጮኸ።

ለካ ማለዳ ጤዛው ሳይረግፍ ማገጥ የሚባለውን ባለ ሦስት ቅጠል የመስክ ተክል ስትግጥ ነበር! እርጥብ ማገጥ ሲበዛ ሆድ ውስጥ አረፋ ይሠራል። ጋዙ አረፋው ውስጥ ይታፈንና በግሳት አይወጣም። ሆዱ ሲነፋ ሳንባን ይጫናል፤ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

የእንስሳት ሐኪሙ እስኪደርስ ፊቷን ወደ ዳገቱ አድርገን አቆምናት። እሱም በቱቦ ዘይት ሰጣት፤ ዘይት አረፋውን ይሰብረዋል። ወዲያው ባይሆንም አገሳች። እማዬ እልል አለች።

ይኸው አሁን እያመሰኳች ነው። አጠገቧ ተቀምጫለሁ።