ግንቦት፣ የዘለልኳት ሠንጠረዥ

ወሩ ሲያልቅ ስለራሴ እጽፋለሁ ብዬ ከማልኩ ይሄ 4ኛው ነው፣ የሚያዝያውን በ3 መስመር ስለገላገልኩት ባይቆጠርም። ግንቦት ግን የሚጻፍ ነገር አለው። ደብረ ማርቆስ ዝናቡ ጀምሯል፣ ከሰዓት ላይ ሰማዩ በጮቄ ተራራ በኩል ይጠቁርና ላይብረሪ ደርሰሽ ሳትገቢ ያወርደዋል፣ ከዶርም እስከዛ ድረስ ጭቃ ነው፣ በዚህ መሀል ነጭ ጫማ የገዛሁ ጅል ደግሞ እኔ ነኝ።

ትንንሹን ላስቀድም። ደም ልለግስ ሄጄ ሚዛን ላይ ወጣሁ፣ 44 ኪሎ። ከ45 በታች አይወሰድም አሉኝ፣ ልብሴን እንኳ ለብሼ ነው እኮ የተመዘንኩት። አብራኝ የሄደችው ልጅ ለግሳ ብስኩትና ጭማቂዋን ይዛ ወጣች፣ ብስኩቱን ተካፈልን፣ እንግዲህ ደም ከሚሰጥ ሰው ቀምቼ በላሁ ማለት ነው። ለልደታ ቤት አልሄድኩም፣ እማዬ ደውላ ንፍሮው ሲፈላ አሰማችኝ፣ አለቀስኩ። ስልክ እቀንሳለሁ ያልኩት አልሆነም፣ ይለፈኝ።

አሁን ወደ ዋናው። ሪደር የሆንኩት መጋቢት ላይ ነው። ሪደር ማለት ለዓይነ ስውር ተማሪዎች የሚያነብ ማለት ነው፣ እዚህ ሁሉም እንደዛ ነው የሚለው። ደግ ሆኜ አይደለም የተመዘገብኩት፣ ሰርተፍኬት አለው ስለተባለ ነው፣ ደሞ ማንበብ ምን ያቅታል ብዬ። የደረሰኝ ልጅ (ልጅ እላለሁ እንጂ በ7 ዓመት ይበልጠኛል) አስኳላ ከመግባቱ በፊት ቅኔ ቤት የቆየ ነው፣ መሪጌታ እያልን ነው የምንጠራው፣ ማዕረጉ ኖሮት ሳይሆን ለጨዋታ፣ እሱም "ኧረ እኔ ገና ነኝ" እያለ ይስቃል። ጎጃም ላይ ዓይነ ስውር የቅኔ ተማሪ ብርቅ አይደለም። ቅኔ ቤት ቀን ቅኔ ሲቆጥሩ (ሲደርሱ ማለት ነው) ይውሉና ማታ ለመምህሩ ይነግራሉ፣ ሥራው በጆሮና በልብ ነው። ችግር የመጣበት እዚህ ነው፣ ሞጁሉን በቴሌግራም የሚልኩልን ገጹን በስልክ ፎቶ እያነሱ ስለሆነ ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብለት ስልኩ ፎቶ ላይ ሲደርስ "ምስል" ይልና ዝም ይላል። ስለዚህ እኔ አነባለሁ እሱ ይጽፋል።

የብሬል አጻጻፉን (በጣት የሚነበበው የነጥብ ጽሕፈት) መጀመሪያ ቀን ሳይ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ስሌት የሚሉት በመደዳ ቀዳዳ ያለው ማጠፊያ አለ፣ ወፍራም ወረቀት መሀሉ ይገባና ስታይለስ በሚሉት መውጊያ ይወጋል፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚጽፈው ምክንያቱም ወረቀቱ ሲገለበጥ ነጥቡ የሚያብጠው በዚያኛው በኩል ነው፣ ያኔ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። አማርኛውን ሲጽፍ ደግሞ ሀሁ እንደኛ አይደለም፣ ተነባቢው ለብቻ አናባቢው ለብቻ ነው፣ ሳድሱ ብቻ ያለ አናባቢ ይቆማል። ስንት ዓመት የቆጠርነው ሀ እስከ ፐ 6 ነጥብ ውስጥ ገብቶ አለቀ።

ማንበብ ምን ያቅታል ያልኩት ግን ሳምንት አልቆየም። ለካ በዓይኔ ሳነብ የማላውቀውን ቃል እዘለው ነበር። ጮክ ብለሽ ስታነቢ መዝለያ የለም። ፕላቶ የሚለውን እንግሊዝኛ (አምባ ምድር ማለት ነው) "ፕላቴኡ" ብዬ አነበብኩለት፣ "ምን አልሽ? ፊደሉን ንገሪኝ እስቲ" አለ፣ ፒ ኤል ኤ ቲ ኢ ኤ ዩ ብዬ ቆጠርኩለት፣ ከዛ ስልኩ እንዲያነበው አደረገና ሁለታችንም ሰማን፣ ሼም። 12ኛ ክፍልን ጂኦግራፊ ተፈትኜ ያለፍኩ ሰው ነኝ እኮ! አማርኛ ላይማ አይምርም። ቅዳሜ ቅዳሜ የአማርኛ ነገር አነብለታለሁ፣ የሚጠብቀውን ሳላላ የሚላላውን ሳጠብቅ ስታይለሱን ያቆማል። "ይበላል" የምትል ቃል አለች፣ ሰውየው ሊበላ ነው ወይስ ሊበላው የመጣ አውሬ አለ? ፊደሉ ያው ነው። "ፊደሉ አይነግርሽም እህት ዓለም፣ ወደፊት እያየሽ አንብቢ" ይለኛል። በግዕዝ ንባብ ተነሽ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ፣ ወዳቂ የሚባል የአነባበብ ዓይነት አለ፣ አንቺ ሁሉንም ተነሽ ታደርጊዋለሽ፣ የምታነቢው እንደ ፉከራ ነው ብሎ ሙድ ያዘብኝ።

እና ሠንጠረዡ። የጂኦግራፊ ኩዊዝ ሊደርስ 2 ቀን ሲቀረው ማታ እያነበብኩ ደክሞኛል፣ ርቦኛል፣ የካፌ ሰዓት እየሄደ ነው፣ የአየር ጠባይ ክፍሎችን የሚያሳየው ሠንጠረዥ ላይ ደረስኩ። ሠንጠረዥ ማንበብ ደግሞ እርግማን ነው፣ ረድፉን ስትዪ አምዱ ይጠፋሻል። ደጋ ቆላ ያው የምናውቀው አይደል አልኩ በልቤ፣ ገጹን ገለጥኩና ቀጣዩን አንቀጽ ማንበብ ጀመርኩ። ድምፄ እንኳ አልተቀየረም፣ እሱ ነው የሚገርመኝ።

ኩዊዙ ላይ ምን ቢመጣ ጥሩ ነው? ደጋ የሚባለው ከስንት ሜትር እስከ ስንት ሜትር ነው። እኔ ከ2500 ጀምሮ ብዬ ጻፍኩ። መልሱ ከ2300 እስከ 3200 ነው። ደብረ ማርቆስ ከባህር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ትንሽ አለፍ ትላለች፣ እንግዲህ በኔ መልስ ብርዱ አጥንቴን የሚሰብረው ወይና ደጋ ላይ ነው ማለት ነው። መሪጌታም አልመለሰውም። ልዩነታችን እሱ የሳተው ስላላነበብኩለት ነው፣ እኔ ግን በዓይኔ አይቼው ነው። ይሄ ነገር 3 ቀን እንቅልፍ ነሳኝ።

ስንገናኝ "እዛ ገጽ ላይ ሠንጠረዥ ነበረ እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ፣ ቁጣ የለውም፣ ዝም ብሎ ነው የጠየቀው። የለም ብል ማን ይመሰክርብኛል? ደግሞ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ። "ነበረ፣ ዘለልኩት" አልኩ። ትንሽ ቆየና "ዘአምላኪየ 3 ቤት ነው" አለ (ዘአምላኪየ የቅኔ ዓይነት ነው፣ ቤት የሚሉት መስመሩን)፣ "አንዱን ቤት ውጠሽ ብትነግሪው መምህሩ ቤት ጎድሎሻል ይልሻል፣ ተመልሰሽ ትቆጥሪያለሽ። በይ ቁጠሪያ።"

ቁጥሩን ዝም ብዬ ልዘረግፍለት ስል አስቆመኝ፣ ከላይ ጀምሪ አለ፣ ከጮቄ። ጮቄ ጫፉ ከ4000 ሜትር በላይ ነው፣ ከ3200 በላይ ያለው ሁሉ ውርጭ፣ "ቢቡኝ ላይ በደበሎ ተጠቅልለን ያደርን ጊዜ" አለ፣ የሚበላውም ገብስ ነው። ከዛ ደጋ፣ ስንዴና ባቄላ፣ እኛ ያለንበት ማርቆስም እዛው ውስጥ። ደጀን ድረስ እንደዛው ሄድንና ቁልቁል ወደ ዓባይ ስንወርድ ከ2300 በታች ወይና ደጋ፣ 1500 ላይ ቆላ ጀመረ፣ መኪና ላይ ጆሮ የሚደፈነው መውረጃ መሆኑ ነው። እሱ ግን "እኔ ቆላን በአፍንጫ ነው የማውቀው፣ አየሩ ይወፍራል፣ የማሽላ ቂጣ ይሸታል" አለ። ከ500 በታች ያለውን በረሃ አንዳችንም ስለማናውቀው ለአፋር ሰጠነው። እድሜ ልኬን በአውቶቡስ የተመላለስኩበት መንገድ እኮ ነው፣ አንድ ቀን ከሠንጠረዥ ጋር አገናኝቼው አላውቅም፣ አሁን ብትቀሰቅሱኝ ሳልነቃ እነግራችኋለሁ።

ሰርተፍኬቱ ሰኔ ላይ ነው አሉ። ትናንት ማታ አዲሱን ምዕራፍ ጀመርን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው እየጮህኩ ነበር የማነበው። ገጽ በገለጥኩ ቁጥር አሁን አንድ ጥያቄ አለችው።

"ሠንጠረዥ አለው?"

"አለው" አልኩት፣ "ሁለት።"

"እግዚኦ" አለና አዲስ ወረቀት ስሌቱ ውስጥ አስገባ።