መሃለኛው ቀዳዳ

እማዬ ፍሪጁን ስትነካ «ነዘረኝ» ማለት ከጀመረች ሁለት ሳምንት ሆኗት ነበር። እጇ እርጥብ ስለሆነ መስሎኝ ዝም አልኩ። አንድ ቀን ማለዳ በባዶ እግሬ ቆሜ እጀታውን ስይዝ ክንዴን ውርር አደረገኝ። ዝም በማለቴ አፈርኩ።

ቤታችን ጉለሌ ነው። ዋናው ክፍል በጣሊያን ጊዜ እንደተሠራ ይነገራል። ሶኬቶቹም የጣሊያን ናቸው፤ ሦስት ክብ ቀዳዳ በአንድ መስመር። ትንሹ ለ10 አምፔር፣ ትልቁ ለ16 አምፔር ነው። ትልቁን እማዬ እስከ ዛሬ «የምጣዱ» ነው የምትለው። ፍሪጁ የተሰካው እሱ ላይ ነው፤ ድሮ አባዬ የገመዱን ጫፍ ቆርጦ ባለ ሦስት ጣት ገጥሞለታል።

በቴስተር፣ ኤሌክትሪክ ያለበትን ሲነካ በሚበራው መፍቻ፣ ሞከርኩት። ዳሩ ላይ ያለው አንዱ ቀዳዳ በራ፤ ፌዝ ነው፤ ከረንቱ የሚመጣበት። ሌላኛው ዳርና መሃለኛው አልበሩም። መሃለኛው ኧርዝ፣ ወደ መሬት የሚወርደው መስመር፣ ስለሆነ «ደህና ነው» አልኩ። አምፖል ከፌዙና ከመሃለኛው ጋር ሳገናኝም በራ። ይኼ ሁሉ አታለለኝ። ቴስተር ፌዝ የቱ እንደሆነ ነው የሚነግርህ፤ ያልበራው ቀዳዳ እውነት መሬት ውስጥ ይግባ አይግባ አያውቅም።

አንድ ነገር ግን አስተዋልኩ። የሚነዝረው ሞተሩ ሲነሳ ብቻ ነው። በፍሪጁና በውሃ ቧንቧው መካከል ያለውን ቮልት በሜትር ለካሁ፤ ሞተሩ ዝም ሲል ዜሮ፣ ሲነሳ 38 ቮልት።

ጎረቤታችን ጋሼ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ኤሌክትሪሺያን ነበሩ። ነገሩን ስነግራቸው «ልጄ፣ ቆጣሪው ጋ ያለውን ማጥፊያ አጥፋና ሶኬቱን ክፈተው» አሉኝ። አጠፋሁ፤ መጥፋቱን ደግሜ በቴስተር አረጋገጥኩና ክዳኑን ፈታሁ። ሽቦዎቹ በጨርቅ የተሸፈኑ ናቸው፤ ጨርቁ ስለጠቆረ በቀለም መለየት አይቻልም። ከግድግዳው የሚወጡት ሁለት ብቻ ናቸው። ሦስተኛ የለም! መሃለኛውን ከኒውትራሉ፣ ከረንቱ ከሚመለስበት ሽቦ፣ ጋር የምታገናኝ የጣት ርዝመት ያላት ቁራጭ ሽቦ ነበረች። አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ አናውቅም፣ ኧርዝ ያለ እንዲመስል አድርጎ አልፏል።

ቀጥለን ስካቶላውን፣ ሽቦዎቹ የሚጋጠሙበትን የግድግዳ ሳጥን፣ ከፈትን። የኒውትራሉ መጋጠሚያ ዝጎ ላልቷል፤ የተጠቀለለበት ናስትሮ (ፕላስተር) እንደ ከሰል ሆኗል። ሞተሩ ሲነሳ ብዙ ከረንት ይስባል፤ በላላው መጋጠሚያ መመለስ ሲያቅተው ቮልቱ በዚያች ቁራጭ ሽቦ ዞሮ ፍሪጁ ብረት ላይ ይወጣል። መጋጠሚያው ጨርሶ ቢበጠስ ኖሮ ፍሪጁ ዝም ይላል፣ አካሉ ላይ ግን 220 ቮልት ይቀመጣል። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ እማዬ አጠገባችን ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

አዲስ ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ ከቆጣሪው ድረስ ዘረጋን። ከወጥ ቤቱ ኋላ የመዳብ ዘንግ ቀበርን፤ ጋሼ ዙሪያውን ከሰልና ጨው አስሞሉኝ። ሜትሩ አሁን ሞተሩ ሲነሳም ዜሮ ነው።

የሳሎኑን ትልቅ ሶኬት ትናንት ከፈትነው። እሱም ያችው ቁራጭ ሽቦ አለችበት። ነቅለን ጣልናት፤ ገመዱ እስኪቀየር ምንም አይሰካበትም። አራት ሶኬቶች ይቀሩናል።