0.04፦ ከሳንቶስ እስከ ሲንጋፖር

ይህን የምጽፈው ከኔ በኋላ መርከብ ላይ ለምትወጡ ልጆች ነው። እኔን ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም። ቢኖር ኖሮ አንድ ሙሉ ኮንትራት ባላጣሁ ነበር።

መንገዱን ባጭሩ ልለፈው። በሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተመረቅኩ። ባሕር ዳር የማሪታይም ሥልጠናውን ወሰድኩ። ሜዲካል፣ የመርከበኛ ደብተር፣ ቪዛ። አንድ ዓመት በካዴትነት፣ ማለት በተለማማጅነት፣ ሠራሁ። ፈተናዬን አለፍኩና ስኳርና እህል የምትጭን መርከብ ላይ በፎርዝ ኢንጂነርነት፣ ማለት በጀማሪ መሐንዲስነት፣ ተቀጠርኩ። ይሄ ሁሉ ያደክማል እንጂ አያስፈራም። ወረቀቱን በጊዜው ያሟላ ሰው ያልፈዋል።

እኔን የጣለኝ መጠጥ ነው። ያውም በሰከርኩበት ሰዓት አይደለም። ተኝቼ ከተነሳሁ በኋላ ነው።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ጋሼ አሉ። አሰብና ምጽዋ የኛ ወደብ በነበሩበት ጊዜ በንግድ መርከብ ብዙ ዓመት ሠርተዋል። ልሄድ ስል ቡና ጠሩኝ። ያመሹት ስለ ባሩ ሲያወሩልኝ ነው። "ያኔ ልጄ፣ መርከቡ ላይ ባር ነበረ። ቅዳሜ ማታ ካፒቴኑም ዘይት ጠራጊውም አብረው ይቀመጣሉ" አሉኝ። ቢራው ቀረጥ የለበትም። ወደብ ሲገቡ የጉምሩክ ሰው መጥቶ መጋዘኑን ያሽጋል። ሲወጡ ማሸጊያው ይበጠሳል፣ ሳጥኑ ይከፈታል። ይህን ሲናገሩ ፊታቸው ይበራ ነበር። ከነዚያ ጓደኞቻቸው መካከል መጠጥ የበላቸውን አንድ በአንድ የቆጠሩልኝ ግን እኔ ተባርሬ ከመጣሁ በኋላ ነው። ምነው ያኔ በነገሩኝ!

የሳቸው ዘመን አልፏል። እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1989 ኤክሶን ቫልዲዝ የምትባል ነዳጅ ጫኝ መርከብ አላስካ ላይ ከባሕር ውስጥ ዓለት ጋር ተላትማ 11 ሚሊዮን ጋሎን ድፍድፍ ነዳጅ ፈሰሰ። ካፒቴኑ መርከቧ ከመነሳቷ በፊት ከተማ ወጥቶ ጠጥቶ ነበር። ሰክሮ መርከብ በመምራት ተከሶ ፍርድ ቤት ነጻ ብሎታል። የነዳጅ ኩባንያዎች ግን ከዚያ ወዲህ በመጠጥ ጉዳይ ጠበቁ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ደግሞ ዓለም አቀፉ የመርከበኞች ሕግ በደም ውስጥ ያለ አልኮል ከ0.05 በመቶ እንዳይበልጥ ደነገገ። ብዙ ኩባንያ ከዚህም ወርዶ ዜሮ ብሏል። የኔም ዜሮ ነበር። ይህን የሚል ወረቀት ላይ ፈርሜያለሁ። አላነበብኩትም። ክምር ወረቀት ነበር። ኤጀንቱ ጣቱን እያስቀመጠ "እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህም" ይለኛል፤ እኔ እፈርማለሁ። እስካሁን የምናደደው በሱ ሳይሆን በራሴ ነው።

መጠጥ በሌለበት መርከብ ላይ ኑሮው ምን ይመስላል? ኢንጂን ሩም፣ የሞተሩ ክፍል፣ ውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ፑሪፋየር፣ ነዳጅና ዘይት የሚያጣራውን ማሽን፣ ትፈታለህ፣ ታጥባለህ፣ መልሰህ ትገጥማለህ። የዘይቱ ሽታ ከቆዳህ አይለቅም። ማታ ተረኛ ከሆንክ አላርሙ ኬቢንህ ድረስ መጥቶ ይጮኽብሃል። ቱታህን አጥልቀህ ትወርዳለህ። ከሥራ በኋላ ሁሉም በሩን ዘግቶ ስልኩ ላይ ነው። ሜስ ሩሙ፣ መመገቢያ አዳራሹ፣ ባዶ ነው። ሁለት ወር አብሬው የሠራሁት ኦይለር፣ ማሽኖቹን ዘይት የሚቀባው ሠራተኛ፣ ስንት ልጆች እንዳሉት አላውቅም ነበር።

እዚህ ላይ አቋሜን ልናገር። ብዙ አለቆች አይወዱትም። ቢራን ጨርሶ መከልከል መርከበኛን ከመጠጥ አያድነውም። ቅዳሜ ማታ ሰው ፊት ሁለት ቢራ የሚጠጣ ሰው፣ ወደብ ሲደርስ እንደተፈታ ጥጃ አይሮጥም። እኛ ግን የሁለት ወር ጥማት በአንድ ማታ ነበር የምንወጣው።

ሳንቶስ፣ ብራዚል የገባነው ስኳር ልንጭን ነው። ስኳር ዝናብ አይወድም። ማካፋት ሲጀምር ጭነቱ ይቆማል፣ የጭነት ክፍሎቹ ክዳን ይዘጋል። ሦስት ቀን ዘነበ። የቀረው ጭነት ትንሽ ነበር፤ ነገም ቀኑን ሙሉ ይዘንባል ተባለ። ካፒቴኑ ሾር ሊቭ፣ ማለት ከተማ መውጣት፣ ፈቀደ። ጋንግዌዩ፣ መርከቧ ላይ የሚወጣበት መሰላል፣ ላይ ያለው ሰሌዳ እስከ እኩለ ሌሊት ተመለሱ ይላል። እኔና ኤሌክትሪሻኑ ወጣን።

እዚያ ካይፒሪንያ የሚሉት መጠጥ አለ። የሚሠራው ከካሻሳ ነው፤ ካሻሳ ማለት ከሸንኮራ አገዳ ጭማቂ የሚወጣ አረቄ ነው። ጉልበቱ ከኛ ካቲካላ አያንስም። ሎሚና ስኳር ስላለበት ግን እንደ ጁስ ይወርዳል። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት አንድ ቢራና አምስት ብርጭቆ ካይፒሪንያ ጠጣሁ። አልወደቅኩም፣ ከማንም አልተጣላሁም። 5፡30 ላይ ጋንግዌዩን በራሴ እግር ወጥቼ፣ መዝገቡ ላይ ፈርሜ ገባሁ። ሥራ የምገባው ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ሁላችንም የምናውቃት ደንብ ደግሞ አለች፦ ሥራ ከመግባትህ አራት ሰዓት ቀደም ብለህ መጠጥ አቁም። እኔ ዘጠኝ ሰዓት አለኝ። ተደላድዬ ተኛሁ።

ሌሊት ዝናቡ ቆመ። ጭነቱ አለቀ። መርከቧን ከወደብ መርቶ የሚያወጣው ፓይለት ለጠዋት ተያዘ። 1፡15 ላይ በድምፅ ማጉያው "ሁሉም ሜስ ሩም ይምጣ" ተባለ።

ቺፍ ሜቱ፣ የካፒቴኑ ምክትል፣ ጠረጴዛው ላይ የትንፋሽ መለኪያዋን አስቀምጧል። አጠገቧ አፍ ላይ የሚገቡት ነጫጭ ቱቦዎች አንድ አንድ ሆነው በላስቲክ ታሽገዋል። ቦሰኑ፣ የመርከበኞቹ አለቃ፣ ነፋ፤ 0.00። ወጥ ቤቱ ነፋ፤ 0.00። ኤሌክትሪሻኑ ማታ ሁለት ቢራ ብቻ ነበር የጠጣው፤ 0.00። 1፡30 ላይ ተራዬ ደረሰ። ቱቦውን ከላስቲኩ ሳወጣ ጣቴ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር። ነፋሁ። 0.04። ቺፍ ሜቱ ቁጥሩን ሁለቴ አየው፣ ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ሩብ ሰዓት አስጠብቆ አስደገመኝ። 0.04።

"የሕጉ ገደብ እኮ 0.05 ነው!" አልኩ። ካፒቴኑ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። "የዚህ መርከብ ገደብ ዜሮ ነው። ፊርማህ እኔ ጋ አለ" አለኝ።

ሒሳቡን የሠራሁት በኋላ ነው። ሰውነት አልኮልን የሚያስወጣው በሰዓት 0.015 ገደማ ነው። ቡና አያፈጥነውም፣ ሻወር አያፈጥነውም፣ እንቅልፍም አያፈጥነውም። ወደ ኋላ ሳሰላው ማታ 5 ሰዓት ላይ 0.17 አካባቢ ነበርኩ። ዜሮ ለመድረስ ከ11 ሰዓት በላይ ይፈልጋል። በዚያች በአራት ሰዓት ደንብ ብሄድ ኖሮ 0.11 ሆኜ፣ ደንብ አክብሬያለሁ እያልኩ፣ የሚሽከረከር ማሽን አጠገብ እቆም ነበር። ስለዚህ ደንቧን እርሷት። መርከቧ በ24 ሰዓት ውስጥ ልትወጣ ትችላለች ከተባለ አንድ ብርጭቆም አትንኩ። የአየር ትንበያ ደግሞ አትመኑ። ትንሽ የትንፋሽ መለኪያ ገዝታችሁ ሻንጣችሁ ውስጥ ያዙ። አልኮል ያለበትን የአፍ መጉመጥመጫም ተዉት።

ያን ጠዋት መርከቧ ስትወጣ ኢንጂን ሩም እንዳልገባ ተከለከልኩ። ሌሊቱን ሲሠራ ያደረው ሰከንድ ኢንጂነር የኔንም ሥራ ደርቦ ሠራ። ረፋድ 5 ሰዓት ላይ 0.00 ነፋሁና ወረድኩ። ከኔ ሌላ ፎርዝ ስለሌለ እስከ ሲንጋፖር መሥራት ነበረብኝ። ወደ 30 ቀን ገደማ ነው። ማንም አልሰደበኝም። ሰከንዱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ያጠበቅኩትን ብሎን ሁሉ በራሱ መፍቻ ይሞክረው ነበር። ምንም አይለኝም። ይሞክረዋል፣ ያልፋል። ያቺን የመፍቻ ድምፅ እስካሁን አልረሳኋትም።

ሁለተኛው ስህተቴ ከመጀመሪያው ይብሳል። ሲንጋፖር ልንገባ ሁለት ቀን ሲቀረን ከቢሮ አንድ ኃላፊ በቪዲዮ ደወለልኝ። "በራሴ ጥያቄ ወደ አገሬ መመለስ እፈልጋለሁ" የሚል ወረቀት ልኳል። "ተባረረ ከሚባል ይሻልሃል፤ ለወደፊትህ አስበን ነው" አለኝ። ድምፁ የታላቅ ወንድም ድምፅ ነበር። አመንኩትና ፈረምኩ። በኮንትራቱ መሠረት ግን በራሱ ጥያቄ የሚወርድ ሰው የራሱን ቲኬት ይከፍላል፤ የሚተካውንም ሰው ቲኬት ይከፍላል። ሁለቱም ከደሞዜ ተቆረጡ። ቦሌ ስደርስ ለእናቴ የምሰጣት ነገር አልነበረኝም።

እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት የመመለሻውን ወጪ የሚጥለው በአሠሪው ላይ ነው። ከባድ ጥፋት ተገኘብህ ካሉ ሌላ ነገር ነው፤ ያንን ግን ራሳቸው ይጻፉት፣ አንተም መልስህን ስጥ። እኔ አጥፍቻለሁ፤ ጥፋቴን አልክድም። ይህን ያህል ማስከፈሉ ተገቢ ይሁን አይሁን ግን የሚከራከርልኝ ሰው ሳላገኝ በገዛ ፊርማዬ ዘጋሁት። ኤጀንቶች "ከቢሮ ጋር አትከራከሩ" ይሏችኋል። አትስሟቸው። የምርመራውን ውጤት ቅጂ ጠይቁ። ያልተስማማችሁበት ወረቀት ላይ መፈረም ግድ ከሆነ በእጃችሁ "ደርሶኛል፣ አልተስማማሁም" ብላችሁ ጻፉበት። የዓለም አቀፉ የትራንስፖርት ሠራተኞች ፌዴሬሽን፣ አይቲኤፍ የሚሉት፣ በብዙ ወደቦች ኢንስፔክተሮች አሉት። ከመፈረማችሁ በፊት ደውሉ። ከፈረማችሁ በኋላ መደወል ከንቱ ድካም ነው፤ ሞክሬዋለሁ።

ዘጠኝ ወር ቤት ተቀመጥኩ። ሌላ ኩባንያ ለቃለ መጠይቅ ሲጠራኝ "ዝም በል፣ ወረቀቱ በራሱ ጥያቄ ነው የሚለው" ብለው የመከሩኝ ብዙ ናቸው። እኔ 0.04 እንደነፋሁ ተናገርኩ። ጠያቂው የድሮ ቺፍ ኢንጂነር ነበር። ስንት ሰዓት እንደተኛሁ ጠየቀኝ፣ ሒሳቡን በቃሌ ነገርኩት። ተቀጠርኩ።

አሁን ያለሁበት መርከብም ቢራ የለውም። እሁድ እሁድ ግን ቡና አፈላለሁ። ወጥ ቤቱ ፊሊፒኖ ነው፤ መጀመሪያ ጭሱን ፈርቶ ነበር፣ አሁን የአየር መሳቢያውን ራሱ ይከፍትልኛል። የመርከብ ምድጃ ኤሌክትሪክ ነው። ዙሪያውን ድስት እንዳይንሸራተት የሚይዝ የብረት ዘንግ አለው። ጀበናዬን በዚያ ዘንግና በአንድ ከባድ ድስት መካከል አጣብቄ አስቀምጣታለሁ። የቆላሁት ሽታ ኮሪደሩን ይዞ ሲሄድ የኬቢን በሮች ሲከፈቱ ይሰማኛል። ባለፈው እሁድ ሰባት ሰው መጣ፤ ስኒ ስላነሰ ኦይለሩ በጥርስ መፋቂያ ኩባያው ጠጣ። ሦስት ልጆች አሉት።