ጸጉርም ይጾማል እንዴ?

ዛሬ ጅማ፣ ሄርማታ መርካቶ አካባቢ ጸጉር ቤት ገብቼ የግራውን ጎን በቶንዶስ አስላጨሁት፤ የቀኙን ሹሩባ ተሠራሁ። ሠሪዋ ስትጨርስ ቅቤ ይዛ መጣች። «ከእንስሳ የሚመጣ ነገር አልቀባም» ስላት «ውይ የኔ እህት፣ ጸጉርም ይጾማል እንዴ?» ብላ ቤቱን በሳቅ ሞላችው።

ለምግቡማ ቀላል ነው፤ «የጾም አለ?» ማለት ነው። ሊፕስቲክ ሲሆን ግን ማንን ትጠይቂያለሽ? የቀዩን ጀርባ ሳነብ «ሲ.አይ. 75470» ይላል። ካርማይን ነው፤ ቁልቋል ላይ ከሚኖሩ ደቃቅ ነፍሳት የሚወጣ ቀለም። የከንፈር ቅባቴም ላኖሊን አለው፣ ከበግ ሱፍ የሚወጣ ቅባት። «እንስሳ ላይ አልተሞከረም» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም። የአውሮፓ ኅብረት እንስሳ ላይ የተሞከረ መዋቢያ እንዳይሸጥ በ2013 እ.ኤ.አ. ሙሉ በሙሉ ከልክሏል፤ ካርማይን ግን እዚያም እንደልቡ ይሸጣል።

ጃኬቴ ከሰልባጅ ተራ ነው፤ ጥቁር፣ ብረት በብረት የሆነ፣ ሰው ሠራሽ ቆዳ። (ፕላስቲክ መሆኑን አውቃለሁ፣ አትጨቅጭቁኝ።)

ቤት ስገባ እማዬ የተላጨውን አይታ ዝም አለች። ቡናው ሲያልቅ አተላውን አትድፊው፣ ከኮኮናት ዘይት ጋር ክንዴንና እግሬን ልሸው አልኳት።

«ቅቤ ጠልተሽ አተላ?» አለች። ግን በስኒ አስቀመጠችልኝ።