የቅዳሜ ጫማ

በቤቴ በር ሥር ሁለት ጥንድ ጫማዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደሚገኘው ሥራዬ ከሰኞ እስከ ዐርብ የማደርገው፣ ሶሉ እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ጥቁር ጫማ ነው፤ በቀን 10 ሰዓት ቆሜ ስለምውል ያለ እርሱ ወገቤ አይችለኝም። ሌላው ከነጭ፣ ከቀይና ከጥቁር ቆዳ የተሰፋ፣ አንገቱ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን፣ «ኤር ጆርዳን አንድ» የሚባል የናይኪ የቅርጫት ኳስ ጫማ ነው። ይህን የማደርገው ቅዳሜ ብቻ ነው።

እንደማይመቸኝ እያወቅሁ ነው የገዛሁት። እ.ኤ.አ. በ1985 ለገበያ የቀረበው የዚህ ጫማ ሶል ጠፍጣፋ ሲሆን፣ ዐየር የተሞላችው ትራስ ተረከዙ ውስጥ ተደብቃ የምትገኝ ትንሽ ነገር ናት፤ የዛሬውን ለስላሳ ጫማ የለመደ እግር አስፋልቱን በባዶው የረገጠ ያህል ይሰማዋል። ጫማው በስሙ የተጠራለት የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ማይክል ጆርዳን ራሱ ቀምሶታል። እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 1998፣ የቺካጎ ቡልስ ተጫዋች ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ሲገባ፣ በጊዜው ይጫወትበት የነበረውን 13ኛውን ሞዴል ትቶ ይህንኑ የጀማሪነቱን ዘመን ጫማ አጠለቀ። 42 ነጥብ አስቆጠረ፤ ጫማውን ሲያወልቅ ግን ካልሲው በደም ርሶ ነበር። እኔ እንኳን 42 ነጥብ ላስቆጥር፣ የባቡር ጣቢያውን ደረጃ በወጉ አልወጣም።

አዲስ አበባ ስማር፣ ከእኛ ከፍ ያለ ክፍል የነበረ አንድ ልጅ፣ አሜሪካ ያለ ዘመዱ የላከለትን እንዲህ ያለ ባለ አንገት ጫማ አድርጎ ሲሚንቶው ሜዳ ላይ ይጫወት ነበር። የላይኞቹን ሁለት ቀዳዳዎች ሳያስር ክሩን ልቅ ይተወዋል፤ ሲሮጥ የጫማው ምላስ ወደ ፊት ይወዛወዛል። ጥሩ ተጫዋች አልነበረም። እኛ ሸራ ጫማ ያደረግነው ግን ከኳሱ ይልቅ እግሩን ነበር የምናየው። ጥቁሩን ጫማ ወገቤ መረጠልኝ፤ ይህኛውን የመረጠው ያ ሜዳ ዳር ቆሞ የነበረው ልጅ ነው፤ እኔም ላሳፍረው አልፈለግሁም።

ባለፈው ቅዳሜ አክስቴ ቤት ለቡና ሄጄ በር ላይ ጎንበስ ብዬ ክሩን ስፈታ፣ የተላጠውን ተረከዜን አይተው፦

«አንተ ልጅ፣ ገንዘብህን የምትከሰክሰው እግርህን ለመላጥ ነው እንዴ?» አሉኝ።

እርሳቸው ሠርግ በተጠራን ቁጥር ባለ ተረከዝ ጫማ አድርገው፣ ነጠላ ጫማቸውን በፌስታል ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ እንደሚይዙ ሳስታውሳቸው፣ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ወደ ጀበናው ዞሩ። «ሠርግና ቡና አንድ ነው?» አሉ፣ ሲኒውን እያቀበሉኝ።

ማታ ቤቴ ገብቼ፣ ጣቶቼ በሚታጠፉበት በኩል የተሸበሸበውን ነጭ ቆዳ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁትና ቅርጹ እንዳይበላሽ ጋዜጣ ወተፍሁበት። ሰኞ ማለዳ ለስላሳውን ጥቁር ጫማ ሳጠልቅ፣ ፕላስተሩ ገና ተረከዜ ላይ ነበር።