ህዳር ሲታጠን እኛ ቤት መስኮት አይከፈትም

ህዳር ላይ አዲስ አበባ ታምራለች ይባላል፣ ውሸት አይደለም፣ ጭቃው ደርቆ ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐዩ ራሱ ደስ ይላል። ቤቱ ውስጥ የሳንባ ህመምተኛ ያለበት ሰው ግን ወሩን በሌላ ነው የሚያውቀው። እኛ ቤት ህዳር ማለት ፓፍ፣ ያ በአፍ የሚሳበው የትንፋሽ መድኃኒት፣ ቶሎ ቶሎ የሚያልቅበት ወር ነው።

እናቴ ሲኦፒዲ አለባት፣ የሳንባ የአየር ቱቦዎችን እያጠበበ ትንፋሽ የሚያሳጥር የማይለቅ በሽታ ነው። ሲጋራ በእጇ ነክታ አታውቅም፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቃት ግን እሱን ነበር፣ "ኧረ በስመአብ!" አለችው። ቀጥሎ "በምንድን ነበር የሚያበስሉት?" ሲላት ነው ነገሩ የተገለጠው። እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ነው ያሳደገችን፣ ማድ ቤታችን መስኮት የሚባል ነገር አልነበረውም፣ እንጨቱ እርጥብ የሆነ ቀን ደግሞ ጭሱ ከእሳቱ ይበልጣል። እዚህ አገር እኮ አብዛኛው ቤት እስካሁን የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ነው፣ ስለዚህ አንዲት ሲጋራ ሳያጨሱ ሳንባቸው እንደ አጫሽ የሆነ እናቶች ሞልተዋል፣ ግማሾቹ "ብርድ ነው" ሲባሉ ግማሾቹ "ሳይነስ ነው" እየተባሉ ዓመታቸውን ይገፋሉ።

ብዙ ሰው የዚህ በሽታ ችግር አየር ማስገባት ይመስለዋል። የባሰው ማስወጣቱ ነው። ቱቦዎቹ ቆስለውና አብጠው ጠበዋል፣ ሳንባው እንደ ላስቲክ ተለጥጦ እየተመለሰ አየሩን ይገፋበት የነበረው አቅሙም ሄዷል፣ የገባው አየር ሳይወጣ ሌላው ይመጣል፣ ደረት ተነፍቶ ይቀራል። እዚህ ላይ ጭስ ሲጨመርበት ቱቦው የባሰ ይቆጣል፣ አክታው ይበዛል፣ የቱቦው ጡንቻ ይኮማተራል። ከተማችን ደግሞ 2,300 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ከባህር ወለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል የቀነሰ ነው፣ ጤነኛ ሰው ለምዶታል አይታወቀውም፣ እሷ ግን የምትከስረው ትርፍ የላትም።

ታዲያ ለምን በጋ ላይ ይብሳል? ዝናቡ የለም፣ ብናኝ የሚያጥብ ነገር የለም። ማታ ሰማዩ ደመና ስለሌለው መሬቱ ሙቀቱን ቶሎ ይለቃል፣ መሬት አጠገብ ያለው አየር ይቀዘቅዛል፣ ከላይ ሞቅ ያለው አየር እንደ አከንባሎ ይከደንበታል። የከሰሉ፣ የእንጨቱ፣ የአሮጌ አይሱዙ ጭስ፣ የኮንስትራክሽን አቧራ፣ ሁሉም እዛው ታምቆ ያድራል። በጠዋት እንጦጦ ወጥቶ ቁልቁል ያየ ሰው ያውቀዋል፣ ከተማዋ ላይ ቡናማ ነገር ተኝቶ ይታያል፣ ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ ነው የሚበተነው። ለዛ ነው እማዬን ቤተክርስቲያን መሳም ከፈለግሽ ረፈድ አድርገሽ ሂጂ የምላት፣ እሷ ግን ኪዳን ሳይደርስ ሄጄ ምን ልሰራ ትላለች፣ በዚህ ተጨቃጭቀን አናባራም።

እና እንግዲህ በዚህ ሁሉ ላይ ህዳር 12 ይመጣል።

ታሪኩን ሁሉም ሰው ይሰማዋል ግን ልድገመው። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን የፈጀው ኢንፍሉዌንዛ እኛም ጋ ገባ፣ "የህዳር በሽታ" ተባለ፣ አዲስ አበባ ላይ ብዙ ሺህ ሰው ሞተ፣ ቀባሪ ጠፋ፣ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነበር የተረፉት። በሽታ የሚመጣው ከቆሻሻና ከመጥፎ ሽታ ነው ተብሎ ሰፈሩ ተጠርጎ ቆሻሻው ተቃጠለ፣ ከዛ በኋላ በየዓመቱ ህዳር ሲታጠን እያልን ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ሆነን። ሰውን የገደለው የሳንባ በሽታ ነበር። አሁን ደግሞ የሳንባ በሽተኛ በጣም የሚፈራው ቀን ይሄው ቀን ነው፣ ሳስበው ያናድደኛል።

የዛን ጊዜ ቆሻሻ እኮ ቅጠል፣ ገለባ፣ እበትና ጨርቅ ነው። ዛሬ የሚቃጠለው ፌስታል፣ ሃይላንድ፣ አሮጌ ጫማ፣ አንዳንዱ ደግሞ ጎማ ሳይቀር ይጥላል። ከዚህ የሚወጣው ጭስ ውስጥ ፒኤም 2.5 የሚባለው ብናኝ አለ፣ ከፀጉር ወደ 30 ጊዜ ያህል የሚቀጥን ስለሆነ አፍንጫም ጉሮሮም አያስቀረውም፣ ሳንባ ውስጥ መጨረሻው ድረስ ይወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በ24 ሰዓት አማካይ ከ15 ማይክሮግራም በኪዩቢክ ሜትር ባይበልጥ ይላል። ህዳር 12 ማታ የእኛ ሰፈር ስንት እንደሆነ የሚለካልን የለም፣ የአሜሪካ ኤምባሲ ግቢው ባለው መሳሪያ እየለካ ኢንተርኔት ላይ ያወጣ ነበር፣ እሱንም በ2025 እ.ኤ.አ. አቆሙት።

ጎረቤታችን ያሉትን ሽማግሌ አናግሬያቸው ነበር። "ጋሼ እባክዎ ዘንድሮ በራችን ላይ አያቃጥሉ፣ እማዬን ያማታል" ስላቸው "ልጄ ይሄ እኮ በሽታ ማባረሪያ ነው፣ እናትሽም እኮ ድሮ አብራን ታጥን ነበር" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔም ቀኑ ይቅር አላልኩም፣ ሰፈሩ በአንድ ቀን ወጥቶ የሚጠርግበት ሌላ ምን በዓል አለን? ጠርገን በማዳበሪያ ሞልተን ለቆሻሻ ሰብሳቢ ማህበሮቹ ልጆች እንስጥ፣ እሳቱ ብቻ ይቅር ነው ያልኩት። ትንሽ አሰቡና የባህር ዛፍ ቅጠል ብቻ ላጭስ አሉ፣ እሱ መድኃኒት ነው ብለው። ለእማዬ ሳንባ የባህር ዛፉም ጭስ ጭስ ነው፣ ግን ከጎማ ይሻላል ብዬ ዝም አልኩ።

ክረምትስ ይሻላል እንዴ ለምትሉ፣ ውጪው ይታጠባል፣ ቤት ውስጥ ግን በብርዱ በር መስኮት ዘግቶ ከሰል የሚያቀጣጥለው ስንቱ ነው። ከሰል ስለማያጨስ ምንም የማያደርግ የሚመስለው ሰው አለ፣ የማይታይ የማይሸት ጋዝ አለው፣ ተኝተው ያልነቁ ሰዎች ዜና በየክረምቱ ነው የምንሰማው።

እኛ የምናደርገውን ልንገራችሁ፣ ሐኪም አይደለሁም፣ የራሳችሁን ጠይቁ። ሰማያዊው ፓፍ፣ ሳልቡታሞሉ፣ ሲጨንቃት የምትወስደው ነው። በየቀኑ ውሰጂ የተባለችው ሌላ አለ፣ እሱን ደህና ነኝ ብላ መተው ትወዳለች፣ ህዳርና ታህሳስ ላይ ግን እኔ ቆሜ ነው የማስወስዳት። ስፔሰር የሚባለው ፓፉ ጫፍ ላይ የሚገጠመው ባዶ እቃ ውድ ስለሆነብን የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ ቀደን እንጠቀማለን፣ መድኃኒቱ ጉሮሮዋ ላይ ከመቅረት ይልቅ ወደ ታች ይወርድላታል፣ ይሄንን ያሳየችን ነርስ ነች። ህዳር 12 ማታ በሩ ስር እርጥብ ጨርቅ እናደርጋለን። ጨርቅ ማስክ ለጭስ አይሰራም፣ ኤን95 ይሻላል ግን እሷ ያፍነኛል ትላለች፣ አልፈርድባትም። ደግሞ ህመሙ ሁልጊዜ በዛው ሌሊት አይነሳም፣ ቀን ሁለት ቀን ቆይቶም ይመጣል፣ አክታዋ ከለሩን ከቀየረ ወይ ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ ትንፋሽ ካጠራት ነገ እናያለን አይባልም፣ ከንፈሯ ከጠቆረ ደግሞ ቀጥታ ድንገተኛ ነው።

ፓፉን ውሃ ውስጥ ጥላችሁ ከተንሳፈፈ አልቋል የምትሉ ተዉት፣ አያስተማምንም። ብዙውን ጊዜ 200 ፓፍ ነው የሚይዘው፣ በቀን አራት ከተወሰደ 50 ቀን ነው፣ የጀመራችሁበትን ቀን በእስክርቢቶ ካርቶኑ ላይ ጻፉበትና አዲሱን ጥቅምት ላይ ግዙ፣ ህዳር 13 ጠዋት ፋርማሲ ለፋርማሲ እየዞሩ "አልቋል" መባል አለና።