አይጥን ከአይጥ መጠበቅ

ዛሬ ጠዋት ታናሽ ወንድሜ የሚያሳድጋቸው ሁለት ነጭ አይጦች ሣጥን አጠገብ የሩዝ ፍሬ የሚያክል ጥቁር ኩስ አየሁ። የነሱ አይደለም፤ የነሱ ተለቅ ይላል። ሌሊት የውጭ አይጥ እንግድነት መጥታ ኖሯል! ሰኞ ገበያ አጠገብ ኖሮ ይሄ መቼም አይቀርም።

ጎረቤታችን እትዬ መጥረጊያ ይዘው ከተፍ አሉ። "ኧረ በአላህ አይጥረጉት!" አልኩ። ደረቁን ሲጠርጉት አቧራው አፍንጫ ይገባል። መስኮት ከፍቼ፣ ጓንት አጥልቄ፣ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ በጥብጬ አራስኩት። 5 ደቂቃ ቆይቼ በሶፍት አነሳሁት።

እኔን ያስጨነቀኝ ሽንቷ ነው። ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባለው፣ ሰውንም የሚይዘው በሽታ ባክቴሪያ በሽንት ይተላለፋል። አይጥ ደግሞ ተሸክሞት ምንም ሳይመስል ይኖራል። የኛዎቹ ቢይዛቸው በምን እናውቃለን? ወንድሜ እንደሆነ ትከሻው ላይ አስቀምጦ ነው የሚያጠናው።

ከሰዓት ምግባቸውን ከፌስታል አውጥተን ክዳን ያለው ጣሳ ውስጥ ከተትን። በሩ ሥር ያለችውን ቀዳዳ በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቀጠቅናት። እርሳስ የምታስገባ ቀዳዳ ለትንሿ አይጥ በቂዋ ናት።

እትዬ ሲወጡ "ድመት አሳድጉ እንጂ!" አሉ። ወንድሜ እስካሁን አኩርፏል።